ዓርብ ሲመሽ የሚበራው ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ እኔው በአጥር ቀዳዳ ያየሁት ነው፣ ጎንደር ዙሪያ ባለች መንደራችን ባዩሽ የምትባል የቤተ እስራኤል ሴት ነበረች። አዲስ አበባ ሄዳ ፊዚክስ የሚሉትን ተምራ መጣችና የትምህርት ቤታችን መምህርት ሆነች። እኛ ወገኖቿን ቡዳ እያልን የምናማ ነን፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ወንድሟ ታከለ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አፈር ሲቆፍር አንድ ድንጋይ አወጣ፤ ፀሐይ ሳይነካው በጨለማ የሚበራ፣ አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ጅብ ዓይን። ለእህቱ ሰጣት። እሷም ብርሃኑ እንዴት እንደሚደክም ማወቅ ፈለገች። ጀንበር ስትጠልቅ ደጃፏ ላይ ታኖረውና ወደ ኋላ ትራመዳለች፤ ከዓይኗ እስኪጠፋ ስንት እርምጃ እንደሆነ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አንድ ቀን ከተዘለለ ልፋቱ ገደል ገባ።

ዓርብ ሲመሽ ግን ሰንበታቸው ይገባል፤ እሳት አይነድም፣ አይጻፍም። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ጎረቤቷ ድንቋ ትራመድላት ጀመር። ድንቋ ክርስቲያን ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም። በየእርምጃዋ አንድ ሽምብራ ትጥላለች፤ ባዩሽ እሑድ ጧት ትለቅመዋለች። አንዴማ «ባዩሽ! ዶሮዬ ፊዚክስሽን በላችው!» ብላ ስትጮህ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

ሳቁ አልበረከተም። በሰንበት እሳት በማይነድበት ቤት ብርሃን ታየ ተባለ። መንደሩ «ቡዳ ናት» አለ፤ የቀበሌ ጥበቃዎች ደግሞ «ለጠላት ምልክት ትሰጣለች» አሉ። ሊይዟት ነው። ዓርብ ከሰዓት በጓሮ ወጥታ የሱዳንን መንገድ ያዘች።

ታከለ የእህቱን ነጠላ ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ። ጥበቃዎቹ አረንጓዴ ፊት አይተው ለመቅረብ ፈሩ። ሲነጋ ታከለ መሆኑን ደረሱበት። ሦስት ዓመት አሰሩት፤ ቀኝ እጁን ሰበሩት። ከዚያ ወዲህ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም።

ድንቋን ያን ማታ «ደጃፉ ላይ ያለችው ማን ናት?» ብለው ጠየቋት። «ባዩሽ ናት፣ በሞተው ልጄ!» ብላ በሐሰት ማለች። ሲነጋ ታከለን ሲይዙት በግርግሩ ድንጋዩን በቀሚሷ ሸሽጋ ወሰደች፤ ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት ዓርብ በዓርብ ተራመደች። «ቡዳዋ ለከፈቻት» ተብሎ ሠርግ የሚጠራት ጠፋ።

መምህር አስናቀ አብሯት ያስተምር ነበር። ጥበቃዎቹ ስሟ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ሲያቃጥሉ የደብተሩን ሽፋን ቀደደ፤ የራሱን ስም ጻፈበት። ደብተሩ ተረፈ፤ ታተመ። አስናቀ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሥራው የሷ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረም።

ዘንድሮ በመስከረም መባቻ ከኢየሩሳሌም የባዩሽ ደብዳቤ መጣ፣ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ። «ዓይኔ ጠፍቷል። ድንጋዩን ለሚገባው ስጡልኝ። በመስቀል ሳምንት ዓርብ አርባ ሦስት እርምጃ ይሆናል» ይላል።

መስቀል ደረሰ። ዓርቡ መሸ። ድንቋ ተራመደች፣ እኔ ሽምብራውን ለቀምኩ። አርባ ሦስት።

«ሒሳብ ነው» አለ አስናቀ። ሽምብራውን ግን እንደገና ቆጠረ። ድንቋ አማተበች። ታከለ ወደ ምዕራብ፣ እህቱ ወደሄደችበት አየ።

ከዚያ ተያያዙ።

«ከመሬት ያወጣሁት እኔ፣ እጄን የከፈልኩበት እኔ» አለ ታከለ።

«አንተ አንድ ማታ ተቀመጥክ፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ተራመድኩ» አለች ድንቋ።

«እትዬ ድንቋ፣ ደብተሩ ባይተርፍ የእርስዎ እርምጃ ሽምብራ ብቻ ነበር» አለ አስናቀ። «ድንጋዩን ስጡኝ፤ ይዤው ቀርቤ ሥራው የሷ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ያለ ድንጋዩ ማን ያምነኛል?»

«አሁን ነው ስሟ ትዝ ያለህ?» አለችው ድንቋ።

አልተስማሙም። «አንቺ ወሬ አትደብቂም፤ ማን እንደወሰደው አገር ይሰማል» ብለው እኔ ዘንድ አኖሩት። ጋን ውስጥ ከትቼ ከደንኩት፤ በስንጥቁ ያየኛል። ዓርብ ነገ ነው፤ ሦስቱም ይመጣሉ፣ ባዩሽም ከዚያ ማዶ እየቆጠረች ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ጋኑን ስከፍት ለማን ልስጥ?