ትራስ ሥር የተደበቀው ዳቦ

አንድ አዛውንት ስኳር በሽታ ጸንቶባቸው ሆስፒታል ተኙ። ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። በሰፈራቸው ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይቀመጥም። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር።

ጠዋት ነርሷ የኢንሱሊን መርፌውን ይዛ መጣች። ሲስተር አዜብ ትባላለች። ‹‹ቁርስ በልተሃል?›› አለቻቸው። ልጃቸው የምትሆን ሴት፣ ‹‹አንተ››!

ጋሽ ይርዳው ዋጥ አደረጉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ‹‹ልጄ፣ ፍልሰታ አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም›› አሏት።

ለእሷ ብቻ ነበር የነገሯት። እሷስ? ወደ ክፍሉ ዞረች።

‹‹ስሙልኝማ! ስኳር ይዞት እሱ ጾመኛ! አንተ ሽማግሌ፣ ለመጽደቅ ከቸኮልክ አልጋውን ልቀቅልን!››

ክፍሉ ሳቀ። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሳይቀር ሳቀ። አጠገባቸው ቆማ የቁርሱን ዳቦ አስበላቻቸው።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ‹‹ዛሬስ በላህ ወይስ ጸደቅህ?››

‹‹በልቻለሁ›› አሉ።

ዋሹ። ዳቦው ትራሳቸው ሥር ነበር። መርፌውን ወግታቸው ሄደች።

ብዙም አልቆየ፤ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። አጠገባቸው የተኛው እግሩ የተሰበረ ጎልማሳ፣ ‹‹ሲስተር! ኧረ ድረሽ! ጋሼ ሊያመልጡን ነው!›› ብሎ ጮኸ።

አዜብ ሮጣ መጣች። እውነቱን እንናገር፤ ሙያዋን ታውቃለች። ስኳራቸው መውረዱን ወዲያው ለየች፣ በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሰጠች፣ ነፍሳቸው ተመለሰች። ትራሱን ስታስተካክል ዳቦው ወደቀ።

‹‹ለምን ዋሹኝ፣ አባቴ?›› አለች። ‹‹አባቴ›› ለመባል ሞት ደጃፍ ደርሰው መመለስ ነበረባቸው!

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸውን ገለጡ። ‹‹እውነቱንማ ትናንት ነግሬሽ ነበር፣ ልጄ። ምን አደረግሽው?››

ምን አደረገችው? እናንተስ፣ የሰው ምስጢር እጃችሁ ሲገባ ምን ታደርጉታላችሁ?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ ‹‹ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ በሽተኛ ይጹም ያለ ማነው?›› ትላላችሁ። አውቃለሁ! ማንም አላለም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ትፈቅዳለች። ይህን ለማስረዳት ግን አንድ ለስላሳ ቃል ይበቃ ነበር። ካልበቃም የንስሐ አባታቸውን ማስጠራት ይቻል ነበር። ስድቡ ምን አስተማራቸው? ዳቦ መደበቅ!

ነጭ ጋውን የለበሳችሁ፣ ስሙ። ትምህርታችሁን ማንም አልናቀም። ነገር ግን ሕመምተኛው አፉን ከዘጋባችሁ በምን ልታክሙት ነው? በግምት? የአዜብ መርፌ ትክክለኛ መርፌ ነበር እኮ! መጠኑም ትክክል፣ ሰዓቱም ትክክል። በባዶ ሆድ ግን ጋሽ ይርዳውን ሊገድላቸው ነበር።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ምን ያስቃችኋል? ጋውን ስላልለበሳችሁ ያመለጣችሁ መሰላችሁ? ቤት የተኛች እናታችሁን በጎረቤት ፊት፣ ‹‹ዛሬም አልጋውን አራሰችው›› የምትሉ እናንተ አይደላችሁም? ከዚያ ደግሞ እኔ ጋ መጥታችሁ፣ ‹‹ውሃ ጠጪ ስንላት እንቢ አለች፣ ይጸልዩላት›› ትላላችሁ! ለምን እንቢ እንዳለች አሁንም አልገባችሁም?

ጸሎቱ ይቆየን። ዛሬ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ በሩን ዝጉ። ምንም ሳትናገሩ አንሶላዋን ቀይሩላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ በሉና፣ ቀስ ብላችሁ፣ ‹‹እማዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?›› በሏት።