የእሌኒን ኮርቻ ማን ይያዝ?

ድሮ ነው ልጆች፤ ድሬዳዋ ሰዓቷን በባቡር ጡሩምባ በምታውቅበት ዘመን። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያኒ የሚባል ግሪካዊ የባቡር መካኒክ ነበረ። መጋላ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ብርቄ የምትባል ማንጎ ሻጭ ነበረች። ተዋደዱ፤ ተጋቡ፤ እሌኒን ወለዱ። ከዚራ «የመጋላ ልጅ» አላት። መጋላ «የከዚራ ልጅ» አላት። እሷ ምን ቸገራት? ብስክሌቷ ላይ ወጣች!

ብስክሌቷ የእናንተን እንዳይመስላችሁ። ፍሬን የለውም፤ በክብ ሜዳ ብቻ ይዞራል። እግር ከፔዳሉ ጋር ይታሰራል፤ ስለዚህ ፊሽካው እስኪነፋ ኮርቻውን ሰው ይይዛል። ያዥ የሌለው አጥር ተደግፎ ከኋላ ይነሳል።

በመጀመሪያው ውድድር የከዚራን ልጆች የከዚራ ሰው ያዘ፤ የመጋላን ልጆች የመጋላ ሰው ያዘ። እሌኒን ሲያዩ ሁሉም ፊቱን አዞረ። አባቷ ያን ቀን ከባቡሩ ጋር ሥራ ሄዷል፤ እናቷ ቅርጫቷን አስቀምጣ መጣችና ያዘቻት። እሌኒ አሸነፈች። ያጨበጨበላት ግን ብርቄ ብቻ ነበረች።

ቀጥሎ አገራችንን ወክላ ለውድድር ወደ አባቷ አገር ወደ ግሪክ ሄደች። የላኳት ሰዎች ብስክሌቱን ሲያስቡ ያዥ መላኩን ረሱት፤ የእኛ ነገር! ፊሽካው ሊነፋ ሲል ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከተመልካቹ መሃል ወረዱ። የያኒ እህት ነበሩ፤ ወንድማቸው ብርቄን ስላገባ ያኮረፉት። መጥተው ያዟት። እሌኒ አሸነፈች።

ከዚያ የትልቁ ዓለም አቀፍ ውድድር ፍጻሜ ደረሰ። አሁን ብርቄ አብራት ሄዳለች። የተጋጣሚዋ ያዥ ግን ሙቀት ጣለውና ልጅቷ ብቻዋን ቀረች፤ ታለቅሳለች።

«እማ፣ እሷን ያዢያት» አለች እሌኒ።

«አንቺንስ?»

«እኔ አጥሩን እደገፋለሁ።»

«አቦ ልጄ፣ ትሸነፊያለሽ እኮ!»

«ማንም ሳይይዝሽ መቆም እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ እማ። ያዢያት።»

ብርቄ እያጉረመረመች ያዘቻት። እሌኒ ከኋላ ተነሳች፤ በአንድ ጎማ ርቀት ተሸነፈች።

ስትመለስ ከባቡሩ መውረድ ፈራች። «አሸንፌ ያላጨበጨቡልኝ፣ ተሸንፌማ ማን ያየኛል?» አለች። ያዥዋን ለተጋጣሚዋ የመስጠቷ ወሬ ግን በሬዲዮ ቀድሟት ነበር። ጣቢያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከዚራ «የእኛ ልጅ ናት!» ይላል። መጋላ «አቦ ዞር በሉ፣ የእኛ ናት!» ይላል። ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። እሌኒ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ከዚያ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ውድድር የከዚራን ልጅ የመጋላ ሰው ይይዛል፤ የመጋላን ልጅ የከዚራ ሰው ይይዛል። ከሁለቱም የተወለደ ልጅ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ተራ የለም፤ ኮርቻውን ለመያዝ ሁላችንም እንጋፋለን። እኔም በዚህ ባረጀ ጉልበቴ።