ጥንቸል ዓሣና ፈሪዋ ኮራል

ተረት ተረት ስል እሺ በሉኝ፤ ዝም ካላችሁኝ ተረቱ ይሸሻል። አላችሁ? ደግ።

ድሮ ድሮ፣ ዓሣም ድንጋይም በሚናገርበት ዘመን፣ በድሬዳዋ ኢድሪስ የሚባል ነጋዴ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ የጨው ውሃ ሞላበትና ትንሽ ባሕር አደረገው። መስታወት በዚያ ዘመን ከየት መጣ እንዳትሉኝ፤ ተረት ነው።

በዚያ ባሕር ኮራል ትኖር ነበር። ኮራል ድንጋይ ብትመስልም ነፍስ አላት፤ ፍርሃትም አላት። መሮጫ እግር የላትማ! አንድ ቀን ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴው አልጌ በድንጋዩ ላይ እየተሳበ ወደ እሷ መጣ።

«ሊያንቀኝ ነው! ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች።

ኢድሪስ ይህን አይቶ ከቀይ ባሕር ጥንቸል ዓሣ አስመጣላት። አፉ እንደ ጥንቸል፣ ጀርባው መርዘኛ እሾህ፣ ምግቡ አልጌ ነው። ዓሣው መስታወቱ ላይ ያለውን በላ።

አልጌ «ሥሬን ተውልኝ» አለው።

ዓሣው ወደ ኮራል ዞሮ «ልተውለት?» አላት።

«አትተው!» አለች ኮራል። በላው።

ድንጋዩ ላይ ያለውንም በላ።

«ሥሬን ተውልኝ፤ ነገ ለአንተው እበቅላለሁ።»

«ልተውለት?»

«አትተው!» በላው።

በመጨረሻ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ቁንጥር ቀረች።

«ይቺን እንኳ ለነገ ላቆያት፣ እቴ» አለ ዓሣው።

ኮራል ግን ጮኸች። «ታድርና ታንቀኛለች! ንቀላት!»

ነቀላት። ኮራልም እፎይ አለች።

ከዚያ ረሃብ መጣ። ዓሣው ከሳ፤ ሲፈራ ቆዳው ይዥጎረጎራልና ዥጉርጉር ሆነ።

የኢድሪስ ሚስት ሳዲያ አየችው። «ዓሣው ሊሞት ነው፤ ጎመን ስጠው።»

«ምን አልሽ? ከስንት አገር ያስመጣሁትን እንግዳ ጎመን ላብላው? ጎረቤት ምን ይለኛል!»

«ጎመን በጤና ይባላል እኮ።»

«ለእኔና ለአንቺ ይባላል። ለእንግዳ ሥጋ ነው፣ ወላሂ!»

የፍየል ሥጋ ከትፎ ጣለለት። ዓሣው ቀምሶ ተፋው። ሥጋው ሸተተ፤ ውሃው ደፈረሰ። በድፍርሱ ውስጥ ዓሣው ወደ ኮራል ቀረብ አለ።

«ለምን ታየኛለህ?» አለችው።

«አላየሁሽም።»

ደግሞ ቀረበ።

«ለምን ታሸተኛለህ?»

«አላሸተትኩሽም።»

ደግሞ ቀረበ። ኮራል ፈራች፤ እንዲህ ፈርታም አታውቅ። አልጌ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነበር፤ ይሄ ጥርስ አለው።

«አንተ እኮ ጠባቂዬ ነህ!»

«ነበርኩ» አለ ዓሣው። «እኔም ሞት እፈራለሁ፣ እቴ። ለነገ ላቆያት ስልሽ ያስነቀልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች። ኢድሪስ ግን ገበያ ወጥቶ ለእንግዳው ሌላ ሥጋ እያስመረጠ ነበር። ዓሣው እየፈራ፣ እያለቀሰ በላት።

ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማ ለልጁ ያውርስ። ጠላቱን ጨርሶ ያስበላ፣ ራሱ ራት ይሆናል።