የእታለም አልጋና መራጭ ያጣው ራውተር

ካ ካ ካ! ቆይ... ቆዩኝማ፣ ሆዴን ልያዘው! ሳልጀምረው ሳቁ ገደለኝ። ዋናው ቦታ እኮ ገና ነው፤ እሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድማችሁ እንዳትጠይቁኝ። ደግሞ አሁን ስስቅ አይታችሁ ያኔም የሳቅኩ እንዳይመስላችሁ። ያኔ እንባዬ ነበር የሚቀድመኝ።

የሁላችን ታላቅ ዘነቡ፣ እኛ እታለም የምንላት፣ እዚሁ ደሴ ቤታችን ውስጥ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። እግሯ ከዳት። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ሲነኩት ይላጣል። የተኛችበት አልጋ ጠርዝ ደግሞ እንደ ቢላዋ የቆመ ነው፤ ክንዷን ባሳረፈች ቁጥር ይሸረክታታል። እኔ ጨርቅ እጠመጥምበታለሁ፣ ጨርቁ ይንሸራተታል። ደሟን እጠርጋለሁ፣ ሲነጋ ክንዷን ሌላ ቦታ ተልጦ አገኘዋለሁ።

«ሽብሬ፣» አለችኝ፣ «ጠርዙ የማይቆርጠኝ አልጋ ባገኝ ሌላ አልመኝም።»

ይቺን ብቻ! ወንድሞቿ ደግሞ አናጢዎች ናቸው፤ መንገሻም፣ ቦጋለም፣ ጓንጉልም። ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? ስሙኛ!

ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ወርክሾፕ ሮጥኩ። ወንድሞቼ የሠሩት አዲሱ አልጋ አለ! ከዋንዛ ተሠርቶ ቆሟል።

«አንተ አልጋ፣ ወደ እህቴ ና» አልኩት።

አልጋው «ጠርዜ ሳይለዝብ አልሄድም» አለ።

ጠርዙን «ልዘብ» አልኩት። ጠርዙ «በጠረጴዛው ላይ ካላሳለፉኝ አልለዝብም» አለ።

ጠረጴዛው መሐል ሆዱን ተበስቶ ቆሟል። ላላወቀ ልንገር፤ ራውተር የሚባል የእንጨት ጠርዝ የሚልጥ ማሽን አለ። እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቆ ከጠረጴዛው ሥር ይታሰራል፤ የሚሽከረከረው ቢላዋው ብቻ በቀዳዳው ብቅ ይላል። እንጨቱን በላዩ ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ጠርዙ እንደ ሳሙና ሙልጭ ይላል። እናም ጠረጴዛው «ራውተር ካልታሰረብኝ አላገለግልም» አለ።

ራውተሩ ደግሞ ገበያ ነው፣ ሀዋ ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ። እሱም «ካልመረጡኝ አልመጣም» አለ።

እንግዲህ አልጋው ያለ ጠርዝ አልሄድም አለ፣ ጠርዙ ያለ ጠረጴዛ አልለዝብም አለ፣ ጠረጴዛው ያለ ራውተር አላገለግልም አለ፣ ራውተሩ ካልመረጡኝ አልመጣም አለ። እታለም ክንዷ ይደማል።

የሁላችን ታናሽ ጓንጉልን ይዤ ወደ ሀዋ ሄድኩ። ሀዋ አንድ ትንሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትልቅ አውጥታ ደረደረችልን። ጓንጉል እያገላበጠ ያያል፣ ያንኳኳል፣ ያሸታል።

«ትንሹ በእጅ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ተዘቅዝቆ ዋንዛ ብላ ቢሉት ግን ይቃጠላል» አለ። «መካከለኛው ጉልበት አለው፣ ፍጥነቱ ግን አይቀነስም፤ ሰፊ ቢላዋ ሲገባበት ያጓራል፣ ጣት ይበላል። ትልቁ ፍጥነቱ ይቀነሳል። ከፍና ዝቅ ለማድረግም ጠረጴዛ ሥር መንበርከክ የለም፣ ከላይ በመፍቻ ይዞራል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ጠረጴዛውን ያጎብጠዋል።»

«ወፍራም ላሜራ አስገባበታ» አለች ሀዋ።

«አስገባበታለሁ።»

«በቃ ትልቁን ልጠቅልልህ?»

«ኧረ ቆይ! ታላቄ ቦጋለ ሳይናገር እንዴት እመርጣለሁ?»

«ጢም አብቅለህ ታላቄ ትላለህ? ሚስትህንስ ማን መረጠልህ?»

«መንገሻ።»

ሀዋ በእጇ የያዘችውን መፍቻ ጣለችው በሳቅ። እኔ አልሳቅኩም። የቤታችን ደንብ ነው፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አይመርጥም። ሥጋ እንኳ ቢቀርብ ታላቅ ሳያነሳ ታናሽ እጁን አይዘረጋም።

ወደ ቦጋለ በረርኩ። «ትልቁ ነው የሚሻለው፣» አለ ቦጋለ እንጨቱን እየላገ፣ «ግን መንገሻ እያለ እኔ ማን ነኝ?»

«እንግዲያው በእጅ ፋቁት! የብርጭቆ ወረቀት ጠፋ?»

«ለእታለምማ አንዱ ጋ ጎድጉዶ አንዱ ጋ ያበጠ ጠርዝ? ያሳደገችን እኮ ናት! ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ ደማች ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ፤ መላጉን ግን አልተወም።

እንግዲህ አልጋው ያለ ጠርዝ አልሄድም አለ፣ ጠርዙ ያለ ጠረጴዛ አልለዝብም አለ፣ ጠረጴዛው ያለ ራውተር አላገለግልም አለ፣ ራውተሩ ካልመረጡኝ አልመጣም አለ፣ ጓንጉል ቦጋለ ሳይናገር አልመርጥም አለ፣ ቦጋለ መንገሻ ሳይናገር አልናገርም አለ። እታለም ክንዷ ይደማል። አሁን ደግሞ ያብጣል።

መንገሻ ከወንዶቹ ታላቅ ነው። ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው፤ እሱ እንኳ አይጨነቅም ብዬ እግሩ ሥር ወደቅኩ።

«እኔ ብመርጥ ደስ ይለኝ ነበር፣» አለ፣ «ግን የአባታችን ወንድም አያ ይመር በሕይወት እያለ እኔ ታላቅ ነኝ ብዬ ማሽን ላስገባ? ነውር ነው።»

«አያ ይመር ኩታበር ነው ያለው! ደውልለት!»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል? ሰው ልከናል፤ እህሉን ሲሰበስብ ይመጣል።»

እህሉን! ወይ እህል! በዚያ መሐል የእታለም ክንድ መግል ያዘ። ስጠርግላት መጮህ ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ተይው ሽብሬ፣ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ጓሮ ወጥቼ ያንን ጠረጴዛ በጥፊ መታሁት፤ እጄን አመመኝ እንጂ እሱ ምን ሊሆን! እንዲሁ እየተጠባበቅን ልንቀብራት ነው አልኩ። የቀብሯን ቦታ ማን ይምረጥ ተብሎ አስከሬኗም ውጭ ሊያድር ነው አልኩ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ አልቅሻለሁ።

ታዲያ አልጋው ያለ ጠርዝ አልሄድም እንዳለ ነው፣ ጠርዙ ያለ ጠረጴዛ አልለዝብም እንዳለ ነው፣ ጠረጴዛው ያለ ራውተር አላገለግልም እንዳለ ነው፣ ራውተሩ ካልመረጡኝ አልመጣም እንዳለ ነው፣ ጓንጉል ቦጋለን፣ ቦጋለ መንገሻን፣ መንገሻ አያ ይመርን፣ አያ ይመር እህሉን!

መጣላችሁ አያ ይመር። በትሩን ደገፍ ብሎ ወርክሾፑ ውስጥ ቆመ። ሦስቱም ባርኔጣቸውን አወለቁ። መንገሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ትንሹን፣ መካከለኛውን፣ ትልቁን አንድ በአንድ ዘረዘረለት። «እንግዲህ እርስዎ ይምረጡልን» አለው።

አያ ይመር በድንጋጤ ወደ ኋላ አለ።

«እኔ? አጎት መባሌ እኮ ለስሙ ነው! ለአባቴ የመጨረሻ ነኝ፤ እኔ ስወለድ ዘነቡ ውሃ ትቀዳ ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ እያለች እኔ ልምረጥ? ምላሴ ይቆረጥ!»

እኔ የእንጨት ልጣጩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

አልጋው ያለ ጠርዝ አልሄድም አለ፣ ጠርዙ ያለ ጠረጴዛ አልለዝብም አለ፣ ጠረጴዛው ያለ ራውተር አላገለግልም አለ፣ ራውተሩ ካልመረጡኝ አልመጣም አለ፣ ጓንጉል ቦጋለ ሳይናገር አለ፣ ቦጋለ መንገሻ ሳይናገር አለ፣ መንገሻ ይመር ሳይናገር አለ፣ ይመር ዘነቡ ሳትናገር አለ። ዘነቡስ? ዘነቡ አልጋውን ትጠብቃለች!

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝታ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንኛችሁ ገብታችሁ ጠየቃችኋት?»

ተከታትለው ገቡ። እታለም ዓይኗን ገለጠች፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲገቡባት ሞቴ ደረሰ ብላ ሳትፈራ አልቀረችም። ጓንጉል እየተንተባተበ ስለ ራውተሩ ነገራት።

«አንተ የትኛውን ወደድከው?» አለችው።

«እንደ ፈቃድሽ እታለም።»

«ጓንጉል! የምትሠራበት አንተ ነህ።»

«ት... ትልቁን።»

«ትልቁ ይሁን።»

አቤት! ዘነቡ ይሁን ስትል ይመር ይሁን አለ፣ ይመር ይሁን ሲል መንገሻ ይሁን አለ፣ መንገሻ ይሁን ሲል ቦጋለ ይሁን አለ፣ ቦጋለ ይሁን ሲል ጓንጉል እየሮጠ መረጠ፣ ጓንጉል ሲመርጥ ራውተሩ መጣ፣ ራውተሩ ሲመጣ ጠረጴዛው አገለገለ፣ ጠረጴዛው ሲያገለግል ጠርዙ ለዘበ፣ ጠርዙ ሲለዝብ አልጋው ሄደ!

አቅፈን አስተኛናት። የቆሰለ ክንዷን ቀስ አድርጋ ጠርዙ ላይ አሳረፈችው። ትንፋሻችንን ያዝን። ወዲያ ወሰደችው፣ ወዲህ መለሰችው። ደም የለም። ቦጋለ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

ትረፍ አሁን፣ ትተኛ ተባለና ወደ በሩ ሄድን። በሩ ላይ ጓንጉል ቦጋለን «ቅደም» ይለዋል፣ ቦጋለ መንገሻን «ቅደም» ይለዋል፣ መንገሻ አያ ይመርን «ኧረ ይቅደሙ» ይላል፣ አያ ይመር «ዘነቡን ትቼ እንዴት ቀድሜ እወጣለሁ» ይላል፤ ተፋፍገው በሩ ላይ ቀሩ። ያኔ ነው እታለም ከአልጋዋ ቀና ሳትል እንዲህ ያለችው፦

«በሉ ውጡልኝ እንግዲህ፤ መተኛቱን እንኳ ማንንም ሳልጠይቅ እችላለሁ።»