«ዛሬ ምን ለበስሽ?»

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ታገሺኝ። «ረጅሙን ቀሚስ ስመርጥ የምመርጠው እኔ ነኝ ወይስ በሃይማኖት ያሳደጉኝ ሰዎች?» አይደል ያልሽኝ? መልሱ ያለው ከዚህ ሰው ቤት ነው።

ሰውየው የቅኔ መምህር ነው፤ ዓይኑ አያይም። ሚስቱ ሞታበት ትርንጎ የምትባል ሴት ልጁን ብቻውን አሳደገ። ጾሙንም ጸሎቱንም አጥብቆ አስተማራት። ስለ ልብስ ግን ተቆጥቷት አያውቅም። ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ትርንጎዬ፣ ዛሬ ምን ለበስሽ?» ይላታል፤ በቃ። እሷም ቀለሙን፣ ርዝመቱን፣ ጥለቱን ሳይቀር ትነግረዋለች። እሱ በልቡ እያያት መርቆ ይሸኛታል።

የአክስቷ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ትርንጎ ከጓደኛዋ ቀይ ቀሚስ ተዋሰች፤ ከጉልበት በላይ የቀረ፣ ደረቱ የተከፈተ። መቼም እውነቱን እንናገር፣ አምሮባታል። አባቷ እንደ ልማዱ ጠየቃት።

«ነጭ ነው አባዬ፤ አዲስ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት» አለችው።

«እሰይ! ልበሺ ቅደጂ!» አለና ፊቱ በራ።

ይኼኔ ወደ ሠርጉ የሚወስዳቸው ጎረቤት፣ አንድ ገበሬ፣ ገባ። አባት ሆዬ ኩራቱን አልቻለውም። «አየህልኝ ልጄን? ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ!» አለው። ገበሬው ቀና ብሎ አያት። ወዲያው መሬት መሬቱን እያየ «አየሁ የኔታ፣ እግዜር ያሳድግልዎ» አለ።

ትርንጎ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያሳፈራት የቀሚሱ ማጠር አይደለም፤ የሚያምናትን አባት በሰው ፊት መሳቂያ ልታደርገው መሆኑ ነው። እግሩ ላይ ወድቃ «አባዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ቀይ ነው፣ አጭር ነው» ብላ አለቀሰች።

ሰውየው ፀጉሯን ዳበሰና «ልጄ፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ዓይኔ ከዋሸኝ በምን አያለሁ? አሁን ነገርሽኝ፤ በወደድሽው ሂጂ» አላት። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ቀየረች። ማንም ቀይሪ አላላትም።

አባቷ ካረፈ በኋላ ከተማ ገብታ ብዙ ዓመት ኖረች። ልብስ ስትገዛ፣ ለእሱ አፏን ሞልታ ልትነግረው የምትችለውን ትመርጣለች፤ አንዳንዴም ቀይ ነው። «አባትሽ እኮ አስረውሽ ነው የሄዱት» የሚሏት ነበሩ። «ኧረ ተመስገን! አምነውኝ ነው የሄዱት» ትላቸዋለች።

አየሽ ልጄ፣ አንቺም እንደ ትርንጎ ነሽ። ያሳደጉሽ ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ ቁም ሳጥንሽ ፊት ስትቆሚ እጅሽን የሚይዝ የለም። መራጯ አንቺው ነሽ። ለሚወዱሽ ሰዎች መዋሸት እንዲከብድሽ አድርገው ያሳደጉሽ ግን እነሱ ናቸው፤ ይህ ደግሞ እስር አይደለም፣ ስጦታ ነው። ትርንጎ «አምነውኝ ነው የሄዱት» እያለች ስታመሰግነው አባቷ አልሰማትም፤ አፈር ውስጥ ነበር። አንቺን ያሳደገችሽ እናትሽ ግን አለችልሽ። በይ ተነሺ፣ ደውዪላት።