ልጁን ያስፈቀደው ሸማኔ

በአንደበቱ ስለት የታወቀ፣ ጌታ ፊት መቅረብ ግን የሚፈራ አንድ ሸማኔ ነበር። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ጓንጉል የመንደሩን ምንጭ አጥረው የግላቸው ሲያደርጉ ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። የሸማኔው ልጅ ትርንጎ ግን በሽማግሌዎች ጉባኤ ፊት ቆማ፣ ምንጩ የመንደሩ መሆኑን በምስክር እያስረዳች ተሟገተች።

ፊታውራሪው አባቷን ወደ ጉባኤው አስጠሩ። «አንተ ልከሃት ከሆነ አመፀኛ ነህና ከመሬትህ ትነቀላለህ። ሳታስፈቅድህ መጥታ ከሆነ ባለጌ ናትና ትገረፋለች። የቱ ነው? ተናገር!» አሉት።

ሸማኔው ግንባሩ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ እኔም አልላክኋት፣ እሷም አላጠፋች። ‹አባዬ፣ ሄደን እንሟገት› ብትለኝ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ቤት ልቅር ብዬ ያስፈቀድኳት እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቃቸው ሲበርድም የትርንጎን ምስክሮች ቃል ተቀብለው ምንጩን ለመንደሩ ፈረዱ።

ፊታውራሪው በንዴት፣ «እንዳንተ ካለ ፈሪ ይህቺ ደፋር እንዴት ወጣች?» ቢሉት፣

«ጌታዬ፣ እርስዎን ባየሁ ቁጥር መሬት መሬቱን ስለማይ፣ ቀና ብላ መንገዱን የምታሳየኝ ልጅ ማሳደግ ግድ ሆነብኝ» አላቸው።