ለተወካዩ ያልተላከው ደብዳቤ

አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ከኮሌጅ ልትመረቅ የቀሯት ሁለት ሳምንታት ናቸው። እናቷ ለዕድርተኛው ሁሉ ተናግራለች፤ የምትለብሰውን ቀሚስ እንኳ አሰፍታ ጨርሳለች።

ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ተማሪ በየስሙ ኢሜይል ከፍቶ ነበር። እሷም አላት። ግን ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ ከፍታው አታውቅም። ለምን ትክፈተው? የስልጠና ማስታወቂያና የስብሰባ ጥሪ ነው የሞላበት። ደግሞስ የክፍሉ ተወካይ አለ አይደል?

ተወካዩ ንቁ ልጅ ነበር። ጠዋት ጠዋት የራሱን ይከፍታል፤ የማይረባውን ይሰርዛል፤ ከሬጅስትራር የመጣውን ለብቻው ያስቀምጣል፤ ለክፍሉ የሚሆነውን አሳጥሮ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። "እናንተ አትድከሙ፣ እኔ አይላችኋለሁ" ይላቸው ነበር። አርባ ሁለት ተማሪ በአንድ ሰው ዓይን ያነብ ነበር። ተመቻቸው። እናንተስ ብትሆኑ አይመቻችሁም?

አርብ ዕለት የተመራቂዎች ስም ተለጠፈ። ከላይ ወደ ታች አነበበችው፤ ስሟ የለም። ከታች ወደ ላይ አነበበችው፤ የለም። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠች። የይለፍ ቃሉን ረስታዋለች፤ እንደ ምንም አስቀይራ ስትገባ ሁለት ሺህ ያልተነበበ መልእክት ጠበቃት። ከዚያ ሁሉ መካከል ሦስቱ በስሟ የተጻፉ ናቸው። "የተግባር ልምምድ ውጤትዎ ስላልደረሰን መምህርዎን አስፈርመው ያምጡ" ይላል የመጀመሪያው። ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። ሦስተኛው "እስከ ሐሙስ ካልቀረቡ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ይቀነሳሉ" ይላል። ሐሙስ ትናንት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ሬጅስትራር ቢሮ ገብታ ወይዘሮ ፀዳለ የሚባሉት ሠራተኛ ፊት ቆመች።

"አልሰማሁም እኮ" አለች። "ተወካያችን ምንም አልለጠፈም።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ ደብዳቤው ለተወካይሽ አልተላከም። ላንቺ ነው የተላከው። እሱ ከየት ያምጣው?"

"አሁን ባስፈርምስ?"

"ዝርዝሩ ጸድቆ ወጥቷል። እንግዲህ የዛሬ ዓመት ነው።"

"እናቴን ምን ልበላት?"

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ይህን ሁሉ በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። ተወካዩ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ተከትያት ገብቼ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ዞር ስትል አየችኝና "አንተ አለህ ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ታስፈራኛለች።

ወገኖቼ፣ አሁንስ እዚህ ቆሜ የማደርገው ያንኑ አይደለም? ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱን እኔ አነባለሁ፤ እሑድ አሳጥሬ እለጥፍላችኋለሁ። እናንተም አሜን ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ለሁላችን የተጻፈውን ልነግራችሁ እችላለሁ። ለአንተ ብቻ፣ ለአንቺ ብቻ የተላከውን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን፣ ያንን የምታውቂውን ነገር ተይው የሚለውን እኔ በምን አየዋለሁ?

ስንት ጊዜ ተልኮላችሁ ይሆን? አንዴ ነው? ሁለቴ ነው? ወይስ ሦስተኛው ደርሶ ተኝቷል? አላውቅም። ስለማላውቅም እፈራለሁ፤ ለእናንተ እፈራለሁ፤ ለራሴም እፈራለሁ።

ስም የሚለጠፍበት ቀን አለ። ያን ቀን ዞር ብላችሁ እንዳታዩኝ። "አንተ አለህ ብለን እኮ ነው" እንዳትሉኝ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ምሳ ሳይቀርብ፣ የየራሳችሁን ክፈቱ።